በተጠባባቂ ወንበር ያደገው በረኛ

የልጅ ልጄ 12 ዓመቱ ነው። በረኛ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከጨዋታ ተመልሶ ጓንቱን አልጋ ሥር ወረወረና "እማማ፣ ከእንግዲህ አልጫወትም" አለኝ። ምን ሆንክ ብለው፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሏል። ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። በረኛነቱን የያዘው በአንድ ዓመት የሚበልጠው ቁመተ ረጅም ልጅ ነው።

ማታ አባቱ ሲሰማ ስልኩን አነሳ፣ ከአሰልጣኙ ጋር ሊነጋገር። "እኔ የምከፍለው ልጄ እንዲቀመጥ አይደለም፤ ካልሆነ ሌላ ቡድን አስገባዋለሁ" ይላል። ስልኩን አስቀምጥ አልኩት። የወለድኩት ልጅ ነውና እሺ አለኝ፣ ግን ፊቱን አጥቁሮ ነው። "ታዲያ አንቺ ምን ትይዋለሽ?" ሲለኝ የዚያን ማታ መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ግን አንድ ሰው ትዝ አለኝ፤ ያ ባለ ሪዙ የሩሲያ አሰልጣኝ። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የዓለም ዋንጫ ሞስኮ ሲከፈት ቤታችን ውስጥ ኳስ የማይመለከት አልነበረም። እኔ ጡረታ ላይ ስለነበርኩ አንድም ጨዋታ አላመለጠኝም ማለት ይቻላል። ያ ሰው ሜዳው ዳር እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ ቡድኑ ሲያገባም ሲገባበትም ፊቱ እምብዛም ሳይለወጥ አይቼው "ይኼ ሰው ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሠራ ይመስላል" ብዬ ነበር። ቤተሰቡ ሳቀብኝ። በኋላ ታሪኩን ሳነብ ግን ብዙም አልተሳሳትኩም። ሰውየው በረኛ ነበር፤ ያውም ዕድሜውን እኩሌታ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጠበቀ በረኛ። ስለዚህ ለልጅ ልጄ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ሙሉ ስሙ ስታኒስላቭ ሰላሞቪች ቼርቼሶቭ ይባላል። ሩሲያውያንም እንደኛው የአባታቸውን ስም አስከትለው ይጠራሉ፤ "ሰላሞቪች" ማለት የሰላም ልጅ ማለት ነው። የልጅ ልጄ እዚህ ላይ ሳቀ፤ ክፍላቸው ውስጥ ሰላም የምትባል ልጅ አለችና። ሰውየው የተወለደው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2 ቀን 1963 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አላጊር በምትባል፣ በካውካሰስ ተራሮች ግርጌ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በሰሜን ኦሴቲያ። ሩሲያዊ የምንለው በዜግነቱ ነው እንጂ ኦሴቲያውያን የራሳቸው ቋንቋና ባህል ያላቸው ሕዝቦች ናቸው።

ኳስ የጀመረው በዚያው አገሩ፣ ዛሬ ቭላዲካቭካዝ በምትባለው ከተማ ቡድን ነው። በ1984 ታላቁ የሞስኮ ስፓርታክ ወሰደው። ለ20 ዓመት ወጣት ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ችግሩ ግን በረኛነቱ ላይ ሪናት ዳሳዬቭ መኖሩ ነው።

በእኔ ዕድሜ ያሉ አያቶች ዳሳዬቭን ሳያስታውሱት አይቀሩም። ከቮልጋ ወንዝ ዳር፣ ከአስትራካን የመጣ ቀጭን ረጅም ሰው፤ በ1982፣ በ1986 እና በ1990 የዓለም ዋንጫ ለሶቪየት ኅብረት የተሰለፈ፣ በ1988 የዓለም ምርጥ ግብ ጠባቂ የተባለ። "የብረት መጋረጃ" እያሉ ይጠሩት ነበር። አሁን እንግዲህ አስቡት። አጥቂ ብትሆን ከአሥሩ አንዱ ሲደክም ትገባለህ፤ ዛሬ በግራ ነገ በቀኝ ትሞከራለህ። የበረኛ ቦታ ግን አንድ ነው። ፊት ያለው ካልታመመ ወይም ካልተጎዳ ማንም አያስታውስህም። ያውም ፊትህ ያለው በዓለም አንደኛ ከሆነ!

ቼርቼሶቭ እስከ 1987 ድረስ ከዳሳዬቭ ጀርባ ነበር። የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ጥቂት ናቸው። ሆኖም ጠዋት ጠዋት እንደ ዋናው እኩል ይሠራል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል፤ ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ልብሱን ለብሶ ይቀመጣል።

ይህን የምጽፈው ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ስለሠራሁ ነው። ሌሊት ተረኛ ሆኖ የማያውቅ ሰው "ምንም ካልመጣ እኮ ተኝታችሁ ነው የምታድሩት" ይለናል። ማታ ስንገባ የመጀመሪያ ሥራችን ኦክስጅኑ መኖሩን፣ መርፌና ግሉኮሱ በቦታው መሆኑን፣ የመብራቱን ባትሪ ማየት ነው። ከዚያ መጠበቅ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ ኮሽ ሳይል አድሮ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አንዲት ወላድ ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ማህፀኗን እያሸን፣ ሁለት ቦታ ግሉኮስ ሰክተን፣ መድኃኒቱን ሰጥተን፣ ዶክተሩ ሲደርስ ደሙ ቀንሶ ነበር። ሁሉም ነገር የተከናወነው በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ግን ያ ሩብ ሰዓት የቆመው ማታ መሳቢያውን ከፍተን ባየነው ነገር ላይ ነበር። የሁለተኛ በረኛም ነገር ለእኔ ይኼው ነው፤ ጥሪው ሲመጣ "ቆይ ልዘጋጅ" አይባልም።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በ1988 ለአንድ የውድድር ዘመን ወደ ሎኮሞቲቭ ሞስኮ ሄዶ በደንብ ተጫወተ። ይኼን ለልጄ ለይቼ ነገርኩት፤ ቡድን መቀየር ኃጢአት ነው አላልኩም። ሰውየው የቀየረው ግን ዓመታት ሠርቶ፣ አድጎ ነው እንጂ በሦስተኛው ሳምንት አይደለም። በዚያው ዓመት ማብቂያ ዳሳዬቭ ወደ ስፔኑ ሴቪያ ሄደ። ስፓርታክ ቼርቼሶቭን መልሶ ጠራው፤ በ1989 የሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮን ሆኑ፤ እሱም የአገሪቱ ምርጥ በረኛ ተባለ።

በ1990 መኸር ላይ ደግሞ የማራዶና ናፖሊ ሞስኮ መጣ። ማራዶና ከቡድኑ ጋር አብሮ አልበረረም፤ ዘግይቶ በግል አውሮፕላን ደርሶ ነው ተቀይሮ የገባው። ሁለቱም ጨዋታ ያለ ግብ አለቀና በመለያ ምት ስፓርታክ አለፈ። ቀጥሎ በማርች 1991 ማድሪድ ድረስ ሄደው ሪያል ማድሪድን 3 ለ 1 አሸነፉ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ የፈረንሳዩ ማርሴይ አስቆማቸው እንጂ። የዳሳዬቭ ተጠባባቂ የነበረው ልጅ ነው እንግዲህ በረኛው።

"ስንት ዓመት ጠበቀ?" አለኝ የልጅ ልጄ። ቁጠራ አልኩት። በጣቱ ቆጠረ፤ አምስት። ፊቱ ግን አልፈታም። ለ12 ዓመት ልጅ አምስት ዓመት ማለት የዕድሜው እኩሌታ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ አልፈርድበትም።

መጠበቁ በዚህ አበቃ ብትሉ አላበቃም። በ1994 አሜሪካ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ሩሲያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ሌላ በረኛ አሰለፈች፤ በብራዚልም በስዊድንም ተሸነፈች። ቼርቼሶቭ የገባው ነገሩ ካለቀ በኋላ በሦስተኛው ነው፤ ካሜሩንን 6 ለ 1 ባሸነፉበት። ያን ጨዋታ የሚያስታውስ ሁሉ የሚያወራው አምስት ግብ ስላገባው ኦሌግ ሳሌንኮ ነው፤ ወይም በ42 ዓመቱ ግብ አስቆጥሮ የዓለም ዋንጫ ሽማግሌ ግብ አግቢ ስለሆነው ሮጀር ሚላ። ሚላ ያገባው በማን ላይ ነው? በእኛ ሰውዬ ላይ። የበረኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ቡድኑ ስድስት ቢያገባም የእሱ ስም የሚነሳው ከገባችው አንዷ ጋር ነው።

ጀርመን አገር ድሬስደን ሁለት ዓመት ተጫወተ፤ ቡድኑ በ1995 ወረደ። ወደ ስፓርታክ ተመልሶ በዚያው መኸር በሻምፒዮንስ ሊግ የምድቡን ስድስቱንም ጨዋታ አሸነፉ፤ የእንግሊዙን ሻምፒዮን ብላክበርንን፣ የፖላንዱን ሌጊያ ዋርሶን፣ የኖርዌዩን ሮዘንቦርግን። ሌጊያን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። ከዚያ ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ። እዚያ ስድስት ዓመት ኖረ፤ በ2000፣ በ2001 እና በ2002 በተከታታይ የኦስትሪያን ሊግ ወሰዱ። የመጨረሻውን ሲወስዱ አሰልጣኙ በኋላ ጀርመንን የዓለም ዋንጫ ያስበላው ዮአኪም ሎው ነበር። ክለቡ በዚያው ዓመት ከሰረ።

በ38 ዓመቱ፣ በ2002፣ ሩሲያ ለዓለም ዋንጫ እንደገና ይዛው ሄደች። አልተሰለፈም። ጃፓን ድረስ ሄዶ ሦስት ጨዋታ ተቀምጦ አይቶ ቡድኑ ከምድቡ ወደቀና ተመለሰ። በ21 ዓመቱ የተቀመጠበት ወንበር ላይ በ38 ዓመቱም ተቀመጠ።

የአሰልጣኝነቱን መጀመሪያ ባጭሩ ልለፈው። ኩፍሽታይን ከምትባል ትንሽ የኦስትሪያ ከተማ ቡድን ጀምሮ ኢንስብሩክን አሰለጠነ፣ ከዚያ በ2007 ስፓርታክን ያዘ። በዚያው ዓመት ሁለተኛ ወጡ። በ2008 ክረምት ግን ከከተማ ተቀናቃኛቸው ከሲኤስኬኤ ጋር ተጫውተው 5 ለ 1 ተሸነፉ። ቼርቼሶቭ ከዚያ በኋላ ደጋፊው የሚወደውን አምበል ይጎር ቲቶቭን ከዋናው ቡድን አስወጣው። ሳምንታት ሳይቆዩ እሱም ራሱ ተሰናበተ። እኔ እንደማስበው እዚህ ላይ አጥፍቷል። ስንት ዓመት ተገፍቶ የተቀመጠ ሰው ሌላውን ሲገፋ እጁ ሊቀል አይገባም ነበር። እንደገና ደግሞ ዲናሞ ሞስኮን ሲያሰለጥን ከኢጎር ዴኒሶቭ ጋር ተጣላ፤ ዓመታት አልፈው ብሔራዊ ቡድኑን ሲይዝም ለዓለም ዋንጫ አልጠራውም። የሰውየውን ደግ ደጉን ብቻ ብነግራችሁ የልጅ ልጄን አታላይ እሆናለሁ፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ። "ስለዚህ ክፉ ነው?" አለኝ። ክፉ አይደለም፣ ግትር ነው፣ አባትህም እንደዚያው ነው አልኩት። አባቱ ሰምቷል።

በሶቺ፣ በግሮዝኒ፣ በፔርም ሠርቶ በመጨረሻ በ2015 ዋርሶ ሄደ። በረኛ ሆኖ ያሸነፈውን ያንን ሌጊያን ሊያሰለጥን! ክለቡ በ2016 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ሊጉንም ዋንጫውንም አብሮ ወሰደለት። የሩሲያ ፌዴሬሽን የጠራው ያኔ ነው፤ ኦገስት 2016።

ሩሲያ የዓለም ዋንጫ አዘጋጅ ስለነበረች ማጣሪያ አትጫወትም። የምትጫወተው የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ነበር፤ እሱንም ትሸነፋለች። በኳታር 2 ለ 1 ተሸነፉ። በ2017 በራሳቸው ሜዳ በተካሄደው የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከምድባቸው ሳያልፉ ቀሩ። በሜክሲኮው ጨዋታ በረኛው ኢጎር አኪንፌዬቭ ተሳስቶ ግብ ስለገባበት አገር ጮኸበት፤ ከሦስት ዓመት በፊት በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በደቡብ ኮሪያ ጨዋታ ኳስ ከእጁ አምልጦት ስለነበር ያውም ተነሳ። ቼርቼሶቭ አልቀየረውም። በረኛ ለበረኛ ነዋ።

ከዚያ የጉልበቱ ነገር መጣ። በ2018 መግቢያ ላይ ተከላካዩ ጆርጂ ጂኪያ፣ ተከላካዩ ቪክቶር ቫሲንና አጥቂው አሌክሳንደር ኮኮሪን ሦስቱም የጉልበታቸው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ከዓለም ዋንጫው ውጭ ሆኑ። ይህ ጅማት ጉልበት ውስጥ፣ ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት ላይ እንደ መስቀል ተጋድሞ አጥንቱ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዝ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ሰው ሳይነካን ነው፤ እየሮጡ ድንገት ሲዞሩ፣ ወይም ዘለው ሲያርፉ። "ቷ" የሚል ድምፅ የሰማ አለ። ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ወደ ሜዳ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ዓመት በላይ፣ ሲብስ ዓመት ይፈጃል። መቼም እዚህ ከደረስኩ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፦ ልጃችሁ እንዲህ ዓይነት ጉዳት ሲደርስበት ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታሳሹት። ያበጠን ጉልበት ማሸት ጅማት አይቀጥልም፤ ዕረፍት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ እግርን ከፍ ማድረግና ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ተከላካይ ያጣው ቼርቼሶቭ ምን አደረገ? ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናብቶ የነበረውን የ38 ዓመቱን ሰርጌይ ኢግናሼቪችን ጠራው። ራሱ በ38 ዓመቱ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው የ38 ዓመቱን ሰው ከጡረታ አስነሳ። ከእሱ ጋር ተኮራርፈዋል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ያልተጠራውን ግዙፉን አጥቂ አርቴም ዝዩባንም መለሰው። ዴኒሶቭን እንጂ ሁሉንም አልዘጋም ማለት ነው።

ከውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ኢንስብሩክ፣ ስድስት ዓመት በቆመበት ከተማ፣ በኦስትሪያ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ከዓለም ዋንጫው በፊት በሰባት ተከታታይ ጨዋታ አላሸነፉም። በፊፋ ደረጃ 70ኛ ነበሩ፤ ከ32ቱ ተሳታፊዎች የመጨረሻው። አገሩ ሁሉ በሪዙ ይቀልድ ነበር።

ሰኔ 7 ቀን 2010 ዓ.ም. መክፈቻው ላይ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ተጫወቱ። ገና በ24ኛው ደቂቃ አላን ድዛጎዬቭ ጭኑን ይዞ ወደቀ። የገባው ተቀያሪ ዴኒስ ቼሪሼቭ ነው። ሁለት ግብ አገባ። ሦስተኛው ተቀያሪ ዝዩባ ገብቶ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ አገባ። 5 ለ 0። ከአምስቱ ሦስቱ የወንበር ልጆች ናቸው። ከጨዋታው በኋላ ጋዜጠኞች ፊት ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነበሩ። እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት ነው የደወሉት።

ግብጽን 3 ለ 1 ረትተው በኡራጓይ 3 ለ 0 ተሸነፉ። ከዚያ ሰኔ 24 ስፔን መጣች። ያን ቀን ቤታችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ልጄ ለስፔን፣ እኔ ለሪዙ። በ12ኛው ደቂቃ ያ የ38 ዓመቱ ኢግናሼቪች ኳስ እግሩን ነክታ የራሱ መረብ ውስጥ ገባች። "አይ ሽማግሌ!" አለ ልጄ። እኔን የነካኝ ይመስል ተቆጣሁ። ከዕረፍት በፊት ኳስ የፒኬን እጅ ነካችና ዝዩባ ፍጹም ቅጣት ምቷን አገባ፤ ወደ አሰልጣኙ ዞሮም እንደ ወታደር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። ስፔኖች በጨዋታው በሙሉ ከሺህ በላይ ቅብብል አደረጉ፤ ሩሲያዎቹ አምስት ተከላካይ ደርድረው ቆሙ። አሰልቺ ነበር ያሉ አሉ። በረኛ ያሰለጠነው ቡድን ከዚህ ሌላ ምን ያድርግ? 120 ደቂቃ ጠበቁ።

መለያ ምቱ ላይ ኢግናሼቪች ሄዶ መታ። በራሱ ላይ ያገባ ሰው! አገባት። አኪንፌዬቭ የኮኬን በእጁ አዳነ። የመጨረሻዋን የያጎ አስፓስን ደግሞ፣ በአንድ ወገን ወድቆ ሳለ፣ ኋላ በቀረው እግሩ መታት። አገር የጮኸበት በረኛ ነው። ሜዳው ሲናጥ ቼርቼሶቭ እዚያው ዳር ነበር። ልጄ "እማዬ፣ ሰውየው ደስም አይለውም እንዴ?" አለኝ። ገና አልጨረሰማ!

በሩብ ፍጻሜው ከክሮኤሺያ ጋር 2 ለ 2 ሆነው በመለያ ምት 4 ለ 3 ወጡ። በ115ኛው ደቂቃ አቻ ያደረጋቸው ማሪዮ ፈርናንዴዝ ራሱ መለያ ምቱን ሳተ። ከዚያ በኋላ አንድ ወሬ መጣ፦ ተጫዋቾቹ ከጨዋታ በፊት አሞኒያ ያሸቱ ነበር ተባለ። የቡድኑ ሐኪም አዎ፣ በጥጥ ላይ አድርገን ነው፣ ክልክል አይደለም አለ። እውነቱን ነው፣ ከተከለከሉት መድኃኒቶች ውስጥ አይደለም። እኛም በወጣትነታችን ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣ ከምንይዛቸው ነገሮች አንዱ ነበር። አፍንጫን አቃጥሎ ትንፋሽን ድንገት ያስደነግጣል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ሆኖም አዋቂዎቹ አደረጉት ብሎ ለልጅ የሚያሸት ወላጅ እንዳይኖር፤ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፣ አስም ላለበት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ማንኛውም አሰልጣኝ ነው። በ2021 በአውሮፓ ዋንጫ ሩሲያ ከሦስቱ ጨዋታ ሁለቱን ተሸንፋ ከምድቧ ወደቀች፤ እሱም ተሰናበተ። ሃንጋሪ ሄዶ ከፌሬንትስቫሮሽ ጋር በ2022 እና በ2023 ሊጉን ወሰደ። በዚያው በ2023 ጁላይ ከፋሮ ደሴቶች፣ 5,000 ያህል ሕዝብ ካላት ክላክስቪክ የመጣ ቡድን ቡዳፔስት ላይ 3 ለ 0 ሲያሸንፈው ወዲያው አባረሩት። በ2024 ደግሞ የካዛክስታንን ብሔራዊ ቡድን ያዘ።

የልጄን ነገር ልጨርስላችሁ። ስልኩን ትቶ በቀጣዩ ቅዳሜ ራሱ ሜዳው ድረስ ሄደ። እንዳይጣላ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተጣላም። "ልጄ ምን ይጎድለዋል?" ብሎ ነው የጠየቀው። አሰልጣኙም ከፍ ብሎ የሚመጣ ኳስ ሲሆን ዓይኑን ይጨፍናል፣ ወደ ኋላም ይሸሻል አለው። ይኼን እኛ አናውቅም ነበር። አሁን ከሥራ ሲመለስ ግቢ ውስጥ ኳስ ወደ ላይ ይወረውርለታል፤ የተሰጣ ልብሴ ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ ወድቋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁ ዛሬም ወንበር ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ገብቷል። ጓንቱን ግን ከአልጋው ሥር አውጥቶ አጥቦታል።

ትናንት ማታ እራት ላይ የስፔኑን ጨዋታ እንደገና እያወራን ሳለ "እማማ፣ ያን ቀን ከአኪንፌዬቭ ጀርባ ማን ነበር የተቀመጠው?" አለኝ። ሁለት ነበሩ አልኩት፤ አንድሬይ ሉኒዮቭና ቭላዲሚር ጋቡሎቭ። ጋቡሎቭ እንደ ቼርቼሶቭ የሰሜን ኦሴቲያ ልጅ ነው። ሁለቱም አንድ ደቂቃ አልገቡም። እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝና ስማቸውን ደብተሩ ላይ ጻፈው።